ወንድሜ በአፉ የሠራልኝ ቤት

ባሪሎቼ፣ ሜይ 9 ቀን 1993

ኦስቫልዶ፣

ደህና ነኝ። አልጠየቅከኝም እንጂ ደህና ነኝ። ባሌም ደህና ነው፤ ረስተኸው ከሆነ ስሙ ሴጉንዶ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፅህን አጥፍተህ ከርመህ፣ በመጨረሻ የጻፍክልኝ «በጁላይ ለእረፍት እንመጣለን፤ የትኛው ሠፈር ብናርፍ ይሻላል?» የሚል ሆነና ፖስታውን ገልብጬ አየሁት። ለቱሪስት ቢሮ ተልኮ በስህተት እኔ ቤት የገባ መስሎኝ ነበር።

ቢሆንም እመልስልሃለሁ። ተራራው ሥር ካረፋችሁ ከበር እንደወጣችሁ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪያችሁን አስራችሁ ወደ ላይ ነው። ለሚስትህና ለልጆችህ ገነት ነው፤ ለእማዬ ግን እስር ቤት ይሆንባታል። ደረጃው ሁሉ የረጋ በረዶ ነው፣ ንፋሱ ጎልማሳ ሰው ይጥላል። መሀል ከተማ ሐኪም ቤት ቅርብ ነው፣ ቸኮሌቱም ደጃፍህ ላይ ነው፤ ግን ትምህርት የጨረሱ ጎረምሶች ከየአገሩ በአውቶቡስ ተጭነው ይመጡና እስኪነጋ ሲጮሁ ያድራሉ። በሐይቁ መንገድ ያለው ሠፈር የሚጠራው በኪሎሜትር ነው። ከከተማው በራቅህ ቁጥር ዛፉ ይበዛል፣ ዝናቡ ይበዛል፣ ኪራዩም ይበዛል። ከኦቶ ተራራ ጀርባ ያለውን ግን አትያዝ። ደላላው ፀጥ ያለና ርካሽ ነው ይልሃል። ፀጥ ያለው ፀሐይ ስለማይገባው ነው።

እኛ የምንኖርበትን ላይኛውን ሠፈር አልጠየቅክም። አውቶቡሱ ዞሮ የሚመለስበት፣ ከሐይቁ ይልቅ የሰው ጣሪያ የሚታይበት ሠፈር ነው። ስኪ የሚጫወት ሰው አያርፍበትም፤ ወንድም ግን ቢያርፍበት ነውር አልነበረም።

አንድ ነገር አልገባኝም። እማዬ ብርድ ጠላቷ ነው። ሴጉንዶን ካገባሁ ጀምሮ ደግሞ ከእኔ ጋር አንድ ቃል አልተለዋወጠችም። ምን ልትሠራ ነው የምትመጣው? ደግሞስ ሆቴል ለምን አይሆንም? ጥድ የከበበው፣ የድንጋይ ምድጃ ያለው፣ የጀልባ ማሰሪያ ያለው ቤት ፈልጊልኝ ትላለህ። በዚህ ብርድ ጀልባ የሚቀዝፈው ማን ነው?

ኢርማ

ሮዛሪዮ፣ ሜይ 24 ቀን 1993

ለእህቴ ለኢርማ፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ብጀምር «አሁን ገና?» ትዪኛለሽ። ተቆጥተሻል፤ ልክ ነሽ። ሚርታና ልጆቹ ደህና ናቸው። እማዬም ደህና ናት፤ ማለቴ፣ ዓይኗ ካልሆነ በቀር። ባለፈው ያልጻፍኩልሽ ይህንን ነው። ሁለቱም ዓይኗ እየደከመ ነው። ብርሃንና ጥላ ትለያለች፤ ፊት ግን በጣም ካልቀረባት አትለይም። ሐኪሙ ከገና በኋላ ብዙ ተስፋ አታድርጉ ብሎናል።

ሆቴል ለምን አይሆንም ላልሽኝ መልሱን ደጋግሜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከሠርግሽ ስመለስ እማዬ ወጥ ቤት ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ሠርጉ ላይ አልቆምም ብላ ምላ የቀረች ሴት፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ያ ቺሌያዊ የት አስቀመጣት?» አለችኝ። ያንን ቆርቆሮ ለባሽ የጣውላ ቤት እንዴት ብዬ ልንገራት? «ሐይቅ ዳር ነው እማዬ፣ ጥድ የከበበው ቤት» አልኳት። ፊቷ ሲፈታ በዓይኔ አየሁት።

ከዚያ በየእሑዱ ትጠይቀኛለች፤ በየእሑዱ ትንሽ እጨምራለሁ። የድንጋይ ምድጃ ጨመርኩ። ትልቅ መስኮት ጨመርኩ። አንድ እሑድ ሌላ የምለው ባጣ ጀልባ ጨመርኩ። ሴጉንዶንም ስኪ ተጫዋቾቹን በገመድ ወደ ላይ የሚያወጡት ወንበሮች መሐንዲስ ነው ብያታለሁ።

አሁን «ዓይኔ ሳይጠፋ የልጄን ቤት ልየው» ብላ ተነሣችብኝ። አሥራ አንድ ዓመት ያኮረፈችው ሴት ሻንጣዋን አውርዳለች። ስኪው ለልጆቹ ምክንያት ነው፤ የምንመጣው ለዚህ ነው። አንድ ሐይቅ ዳር ያለ ቤት እከራያለሁ፤ አንቺና ሴጉንዶ ለሁለት ሳምንት ግቡበት። ምንም አትበዪ፤ ብቻ በሩን ክፈቺላት። ለእሷ ስትዪ፣ እህቴ።

ኦስቫልዶ

ባሪሎቼ፣ ጁን 6 ቀን 1993

ኦስቫልዶ፣

ደብዳቤህን ለሴጉንዶ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ጀልባው ጋ ስደርስ በሳቅ ፈረሰ። «ቀለሟ ምንድን ነው? ሰው ቢጠይቀኝ እንዳላፍር» አለኝ። መሐንዲሱ ጋ ስደርስ ግን ሳቁን ዋጠው። እጁን ገልብጦ ገልብጦ አየና «ወንድምሽ እጄን ጨብጦ ያውቃል አይደል?» አለ። ከዚያ ወጥቶ እንጨት ሲፈልጥ ዋለ። የተፈለጠ እንጨት ሞልቶናል።

ባሌ ቀኑን ሙሉ ተራራው ላይ ቆሞ ወንበሩ ሲመጣ ይይዛል፣ ሰው ያስቀምጣል፣ ብረቱን ይዘጋል። ቅንድቡ ላይ በረዶ ረግቶ ነው የሚመጣው። እኔ በዚህ አንድ ቀን አላፈርኩም። አንተ ግን ሳልጠይቅህ አፈርክልኝ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ያንተ ውሸት እያደር ከብዶ ከብዶ አሁን ተሸከሚልኝ ትለኛለህ?

ስለ እማዬ ደግሞ እንዲህ አንጀት በሚበላ ቃል አትጻፍልኝ። የ1984ቱን ኦገስት አልረሳሁም። ስልክ ቤት ቆሜ፣ ሰው ሁሉ ከኋላዬ ተሰልፎ እየሰማኝ፣ ያንን ነገር ነገርኩህ። «እነግራታለሁ» አልከኝ። ጠበቅኩ። አንድ መስመር፣ አንድ ቴሌግራም፣ አንድ «እግዜር ያጽናሽ» አልመጣም። እንዲያ ዝም ያለችኝን እናት ለማስደሰት ነው የሰው ቤት ገብቼ፣ የሰው መጋረጃ ከፍቼ፣ ቤቴ ነው የምላት?

አላደርገውም። ጀልባህን ራስህ ቅዘፋት።

ኢርማ

ሮዛሪዮ፣ ጁን 18 ቀን 1993

ኢርማ፣

ለአንቺ መቆጣት ቀላል ነው፤ ከሩቅ ሆነሽ ነው የምትቆጪው። እኔ ከእሷ ጋር ምሳ የምበላ ሰው ነኝ። አንቺ ሻንጣሽን ይዘሽ በወጣሽ ማግስት ማልቀሷን ማን ሰማ? ስምሽ ሲነሣ ሳህን የምትወረውረውን፣ መልሳ ደግሞ «ብርድ አይነካትም?» የምትለውን ሴት ማን ተሸከመ? ውሸታም በዪኝ። ውሸቴ ግን አሥራ አንድ ዓመት ቤቱን ሰላም አድርጎ አኑሯል።

የ84ቱ በደብዳቤ የሚሆን አይደለም። ፊት ለፊት እናወራዋለን።

ቤት ይዣለሁ። ከኦቶ ተራራ ጀርባ፣ ትንሹ ሐይቅ አጠገብ ነው። ፀጥ ያለና ርካሽ ነው ብለውኛል፤ የሐይቁን ትልቅና ትንሽ እሷ አትለየውም። ጁላይ 12 እንገባለን። እማዬ ለሴጉንዶ የሱፍ ኮፍያ ሠርታለታለች። በእጇ ዳስሳ ነው የሠራችው፤ አንዳንድ ቦታ ላይ አምልጧታል። አትምጪ፤ በሩንም አትክፈቺ። እኔ ቆሜ አንድ ነገር እላታለሁ፤ ለምጄዋለሁ።

ኦስቫልዶ

ባሪሎቼ፣ ጁን 30 ቀን 1993

ኦስቫልዶ፣

አንተ ሰው፣ ስታነብ ዓይንህ የት ነው? ከኦቶ ጀርባ አትያዝ አላልኩህም? በጁላይ ፀሐይ እዚያ ሠፈር የምትገባው ለሰላምታ ያህል ነው። ብርሃንና ጥላ ብቻ ለቀራት ሴት ጨለማ ተከራየህላት! ሴጉንዶ እንኳ፣ የማያውቃት ሰው፣ ይህን ሲሰማ «ኧረ ተው!» ብሎ የሚጠጣውን የማቴ ሻይ አስቀመጠ።

ደላላህን ዛሬውኑ ደውለህ ለውጥልኝ በለው። በሐይቁ መንገድ አራተኛው ኪሎሜትር ይሁን። ሜዳ ነው፤ አውቶቡስ ፌርማታው በሩ ላይ ነው። ሐይቁ በሰሜን ስለሆነ ፀሐይዋ በውኃው ላይ ተንፀባርቃ ቤት ውስጥ ትገባለች። የሚቀራትን ብርሃን እዚያ ትየው። ይህን የማደርገው ላንተ አይደለም። ለእሷም መሆኑን አላውቅም።

እመጣለሁ። ሴጉንዶ ግን መሐንዲስ ሆኖ አይመጣም። ጧት ወደ ሥራው ይሄዳል፣ ማታ ወደ ቤቱ፣ ወደ ላይኛው ሠፈር። ቤቴ ነው አልላትም፤ ሳትጠይቀኝም ቤቴ አይደለም አልላትም። ከጠየቀችኝ ግን አልዋሽም። እኔ እንዳንተ አልለመድኩም።

ኢርማ

ሮዛሪዮ፣ ኦገስት 3 ቀን 1993

ኢርማ፣

ሰላምታ የሚሰጥ ልብ አልቀረልኝም። ምን ብለሽ ነው ያስከዳሻት? ከተራራው ስንመለስ ቤቱ ወና ነው። ሾርባው ጠረጴዛው ላይ ቀዝቅዞ ቆሟል፣ ካፖርቷ የለም። ሚርታ ሐይቅ ገባች ብላ ጮኸች፤ ልጆቹን ይዤ የሐይቁን ዳር ስሮጥበት አመሸሁ። አንድ ወረቀት መተው ያቅታል?

ታክሲ ላክሁ፤ ባዶውን መለሳችሁት። መልሼ ላክሁ፤ ለሹፌሩ ሻንጣዬን አምጣልኝ ብላ ሰደደችብኝ። እናቴ! የልብስ ሻንጣዋን ለማላውቀው ሰው አሳልፌ ሰጥቼ ልጆቼን ይዤ ተመለስኩ። ለአሥራ አንድ ዓመት ውለታዬ ይህ ነው?

የዓይን ሐኪሟ ቀጠሮ አለ። እዚያ ጣውላ ቤት ውስጥ ሳንባዋን ቢመታትስ? መቼ ነው የምትመልሻት?

ኦስቫልዶ

ባሪሎቼ፣ ኦገስት 15 ቀን 1993

ኦስቫልዶ፣

ምን ብለሽ አስከዳሻት ላልከው፣ ምንም አላልኩም። እንዲህ ነው የሆነው።

እናንተ ተራራው ላይ ናችሁ። እማዬ አራተኛው ኪሎሜትር በተከራየኸው ቤት መስኮቱ አጠገብ ፊቷን ለፀሐይ ሰጥታ ተቀምጣለች። ሦስተኛ ቀናችን ነው፤ እስካሁን ስለ አውቶቡስ ጉዞና ስለ ልጆችህ ሳል ነው ያወራነው። አንዳችን የሌላችንን ቁስል እንዳንነካ እንደ ሁለት እንግዳ እየተጠነቀቅን። ሾርባ አቀረብኩላት። ቀመሰችና «ጨው ጎድሎታል» አለች። ተነሣሁ። አንዱን ቁም ሣጥን ከፈትኩ፣ ሳህን ነው። ዘጋሁ። ሌላውን ከፈትኩ፣ ብርጭቆ። መሳቢያውን ሳብኩ፣ ማንኪያና ሹካ። እሷ ማንኪያዋን አስቀምጣ በሩ ሲከፈት ሲዘጋ ታዳምጣለች።

«ኢርማ» አለችኝ።

«አቤት እማዬ።»

«ሰው እንዴት በገዛ ቤቱ ጨው ያለበትን ያጣል?»

መሳቢያውን ዘጋሁት። አልዋሽም ብዬህ የለ? «ቤቴ ስላልሆነ ነው» አልኳት። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ተነሥታ ግድግዳውን እየዳሰሰች ወደ በሩ ሄደች። «ካፖርቴን አምጪ። ጨውሽ ያለበት ቤት ውሰጂኝ።»

በአውቶቡስ ወጣን። ቤት ስንገባ ጣውላውን ዳሰሰች፣ ምድጃውን ዳሰሰች፣ አልጋዬን ዳሰሰች። ከዚያ የጀመረችኝ ስድብ! «ይህ ነው ሐይቁ? ይህ ነው ጥዱ? ለዚህ ነው እናትሽን ጥለሽ የሄድሽው?» እኔም ዝም አላልኩም። የአሥራ አንድ ዓመቱን ዘረገፍኩት። ጎረቤታችን ሰው የሞተ መስሏት መጥታ በሩ ላይ ቆማ ተመለሰች።

ሴጉንዶ ማታ ሲገባ እንዲያ ተፋጠን አገኘን። ኮፍያውን አወለቀ።

«መሐንዲሱ አንተ ነህ?» አለችው።

«አይደለሁም ዶኛ ክሌሊያ። እኔ ሰው ወንበር ላይ አስቀምጣለሁ።»

«ታዲያ እኔን የት ታስቀምጠኛለህ?»

«ምድጃው አጠገብ» አላት፤ ክንዷን ይዞ አስቀመጣት። እኔ ቁጣዬ አልበረደም፤ እሷ ግን እጁን ወዲያው አልለቀቀችውም። ዳሰሰችው። ምን እንዳነበበችበት አላውቅም።

ማቴ እየጠጣን ሳለ ነው የጠየቀችኝ። «ልጅ ሳትወልዱ ቀራችሁ?» አለች። ኦስቫልዶ፣ የምታሾፍብኝ መሰለኝ። «ሉስን ረሳሻት?» አልኳት።

«ሉስ ማን ናት?» አለችኝ።

ፊቷን አየሁት፤ ያቺ ሴት መዋሸት አትችልም፤ አንተ ማንን እንደወጣህ አላውቅም። ምንም አልሰማችም ነበር። ልጄ መወለዷን አልሰማችም። ሳንባዋን ብርድ መትቷት፣ መኪና በበረዶው ዳገቱን አልወጣ ብሎ፣ አባቷ በካፖርቱ ጠቅልሎ ሲሮጥባት እቅፉ ውስጥ መሞቷን አልሰማችም። እኔ ዘጠኝ ዓመት እናቴን የጠላሁት ባልሰማችው ነገር ነው።

በዚያ የ84 ስልክ መወለዷንም መሞቷንም ነግሬህ ለምን እንዳልነገርካት ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። ሐይቅ ዳር፣ የድንጋይ ምድጃ ባለው ቤት፣ ሕፃን በብርድ አይሞትም። ሉስ ከገባች ቤትህ ይፈርሳል። ስለዚህ ቤትህን አቁመህ ልጄን አስወጣሃት። ሌላውን ሁሉ፣ መስኮቱንም ጀልባውንም፣ እንደ ጅል ቀልድ እስቅበት ነበር። ይህን ግን ይቅር የምልበት አፍ የለኝም።

ቤቱን ሰላም አድርጌ አኖርኩ ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። እሷ ያለችኝን ልንገርህ። ጠረጴዛውን በመዳፏ እየመታች ነው ያለችው። «ሐይቅ ዳር ናት ሲለኝ ስለሞላልሽ ደስ ያለኝ እንዳይመስልሽ። የሞላላት ልጅ እናት አያስፈልጋትም ብዬ ኩራቴን ታቅፌ ቁጭ አልኩ። ልጅ ቀበረች ቢለኝ ኖሮ ግን በእግሬም ቢሆን እመጣ ነበር።» ውሸትህ እንቅልፍ አልሰጣትም ኦስቫልዶ፤ ያለመምጫ ምክንያት ሰጣት። እኔም ለራሷ ነገርኳት፤ ምክንያቱን እሱ ቢሰጥሽም የያዝሽው አንቺ ነሽ አልኳት። «አዎ» አለችኝ።

በማግስቱ መቃብሩ ጋ ውሰዱኝ አለች። ሴጉንዶ ከሥራ ቀረ፤ አለቃው እየተሳደበ። በረዶውን በአካፋ ጠርጎ መንገድ አወጣላት። ተንበርክካ ፊቷን ከእንጨቱ መስቀል ጋር አጋጠመችና የሉስን ስም በዓይኗ አነበበች፤ በጣቷ አይደለም፣ በዓይኗ። አንዱ ፊደል ስለደበዘዘ ረጅም ጊዜ ፈጀባት። ልንረዳት አልደፈርንም።

ታክሲህ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሩ ላይ ሆና ሹፌሩን «ልጄ አለ እዚያ ውስጥ?» ብላ ጠየቀችው። የለም አላት። «እንግዲያው ሂድልኝ» አለችው። ሁለተኛውንም እንዲሁ ጠይቃ ለሻንጣዋ ሰደደችው። ከእኛ ቤት እስከዚያ አራተኛው ኪሎሜትር ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ አንተ ግን ሹፌር ነው የላክኸው። በአሥራ አንድ ዓመት ዳገቱን የወጣኸው ለሠርጌ ብቻ ነው።

መቼ ትመልሻታለሽ ላልከው፣ እኔ አላመጣኋትም፣ እኔ አልመልሳትም። ሐኪም እዚህም አለ፤ አይቷታል፤ ያንተው ሐኪም ያለውን ነው ያለው።

ኢርማ

ባሪሎቼ፣ ኦክቶበር 10 ቀን 1993

ኦስቫልዶ፣

ሦስቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። ሁለቱን አላነበብኩላትም። ሦስተኛውን ሴጉንዶ አነበበላት፤ ስለ ሉስ እውነቱን ስለጻፍክበት መስማት ይገባታል ብሎ። ሰምታ ስትጨርስ «ዘግይቷል» አለች። ከዚያ ፋሶሊያዋን መፈልፈል ቀጠለች።

ዓይኗን ጠይቀኸኛል። ቀኙ ጠፍቷል። ግራው ዓይኗ በር ሲከፈትና ሲዘጋ የሚለወጠውን ብርሃን ያህል ብቻ ይለያል። አፏ ግን አልደከመም። ሾርባዬን ትተቻለች፣ ሴጉንዶን በዳማ ታሸንፈዋለች፤ ጠጠሮቹን እየዳሰሰች፤ እያጭበረበረች ነው ይላል እሱ። ከእኔ ጋር አንድ ቀን ታርቀን ሁለት ቀን እንጣላለን። ትናንት ስለ መጋረጃ ነበር፤ የማታየውን መጋረጃ። ለዘጠኝ ዓመት የጠላኋትን እንዴት ብዬ በአንድ ክረምት እንደምጨርሰው አላውቅም፤ እሷም የእኔን እንዲሁ። ግን አልሄድም ብላለች። በየሳምንቱ መቃብሩ ጋ እንወጣለን፤ ያንን የደበዘዘ ፊደል ራሷ በቀለም አድምቃዋለች። መስመሩን ስቷል፤ አላስተካከልነውም።

ብቻዬን ልምጣ፣ የትኛው ሠፈር ልረፍ ብለህ መልሰህ ጠየቅከኝ። አሁንም ሠፈር ትጠይቀኛለህ! እሺ፣ ልመልስልህ። ስኪው አብቅቷል፤ ተራራው ሥር ሁሉም ተዘግቷል። መሀል ከተማ አልጋ እንደልብ ነው። በሐይቁ መንገድ ላይ የጠየቅከውን ኪሎሜትር በግማሽ ኪራይ ይሰጡሃል፤ ፈልገህ የነበረው ጀልባ ያለበትም አለ። እዚያ ካረፍክ ግን ወደዚህ አትውጣ። ታክሲም አትላክ።

እማዬ «ይምጣ» ብላለች። ይቅር ብዬዋለሁ አላለችም፤ ይምጣ ብቻ ነው ያለችው። እኔ ይህንንም አልልህም። ከመጣህ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ውረድ፤ የሴጉንዶን ቤት ብለህ ጠይቅ፣ ሁሉም ያውቀዋል። ወጥ ቤቱ ውስጥ ምድጃው አጠገብ መተኛ አለ። ጠባብ ነው።

የምትናገረውን ደግሞ በመንገድ ላይ እንዳትለማመድ። አሁን ሰው የምታየው በጆሮዋ ነው፤ የተለማመድክበትን ቃል ገና አፍህን ስትከፍት ትለየዋለች።

ኢርማ